ቤት የማይደርስ ድምፅ

ሃያ ሰባት ከሥራ ስትመለስ በሩን የምትከፍተው በትከሻዋ ነው። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ በእጇ ትይዝና የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ መቀመጫ ትፈልጋለች። ክፍሉ ባሏ ሶፋ የሚሠራበት ስለሆነ መቀመጫ ሞልቷል፤ ችግሩ ሁሉም ያላለቀ መሆኑ ነው። ጨርቅ ያልለበሰ አለ፣ እግር ያልተገጠመለት አለ፣ ስፖንጁ ብቻ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አለ። ያገኘችው ላይ ዘፍ ትላለች። ከዚያ በኋላ አትናገርም።

“እንዴት ዋልሽ?” ይላታል ባሏ።

ራሷን ትነቀንቃለች። ደህና ማለቷ ነው።

“ራት ላቅርብ?”

እጇን ታወዛውዛለች። ትንሽ ልረፍ ማለቷ ነው።

ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ መስመሩ የተቋረጠበትን፣ ሂሳቡ የበዛበትን፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ንዴቱን የሚወጣበት ያጣውን ሁሉ “ይቅርታ ደንበኛችን፣ ምን ልርዳዎ?” ስትል ትውላለች። ሲሰድቧት ታመሰግናለች። ሲዘጉባት “መልካም ቀን ይሁንልዎ” ትላለች። ማታ ቤት ስትገባ ለቤት የተረፈ ቃል አይኖራትም። አፏ ስለማያርፍ ወፊቱ ያሏት የአራት ዓመት ልጃቸው አንድ ቀን አባቷን፣ “እማዬ ወሬዋን ሥራ ቦታ ነው እንዴ የምታስቀምጠው?” ብላው ነበር። አባትየው ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሃያ ሰባት የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ገና ሳይተዋወቁ የሶፋ ሱቁ ስልክ ሞቶበት ከጎረቤት ወደ ቅሬታ መቀበያው ሲደውል፣ “ሃያ ሰባት ቁጥር ነኝ፣ ምን ልርዳዎ?” ያለችው ድምፅ የመጣበትን ጉዳይ አስረሳችው። ስልኩ በማግስቱ ተሠራ። እሱ ግን በየቀኑ እየደወለ “ይኸው ደግሞ ጠፋ” ይላል። ሌላ ሠራተኛ ካነሳች ይዘጋዋል። በመጨረሻ እሷው፣ “ጌታዬ፣ በጠፋው ስልክ ነው እንዴ የሚደውሉልኝ?” ብላ ሳቅ ሲያመልጣት፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር።

ሽማግሌውም ቢሆን በቀላሉ አልተሳካለትም። አባቷ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ታላቅ እህቷ፣ ሁሉም ሰው እትዬ የሚላት፣ በዚያው በስልክ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነች። በዚያ ቤት የወር ደመወዝ የሌለው ሰው እንግዳ ሆኖ ይመጣል እንጂ አማች ሆኖ አይመጣም። “ሙጫ ሙጫ የሚሸት ሰው!” ብላ ነበር እትዬ። ሃያ ሰባት ግን፣ “እኔ እሱ ሲሸተኝ ቤቴ የገባሁ ነው የሚመስለኝ” ብላ አገባችው።

የሶፋ ሥራ አንድ ወር ሞልቶ ሁለት ወር ይጎድላል። ወር በገባ ቁጥር ሳይቀር የሚመጣው የእሷ ደመወዝ ነው። አምና የሱቁ ኪራይ ሲጨምር ሱቁን ዘግተው ዕቃውን ወደ መኖሪያ ቤታቸው ያስገቡትም ለዚሁ ነው። ትንሹ ልጃቸው ድንቡሼ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያስኬዳቸው የእሷ የመሥሪያ ቤት የሕክምና ካርድ ነው። አንዱ ሐኪም ጉንፋን ነው ይላል፤ ሌላው ሲያድግ ይተወዋል ይላል። ካርዱ ግን ለሁሉም ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ነበራት። በዕረፍት ቀኗ ለውጭ አገር ድራማዎች የአማርኛ ድምፅ ወደሚያለብስ ስቱዲዮ ትሄዳለች። የሚሰጧት ትንንሽ ሚና ነው፤ አንድ ጊዜ “ዶክተሩ ይግቡ ብለዋል” የምትል ነርስ፣ አንድ ጊዜ በር ከፍታ የምትዘጋ ጎረቤት። ባሏ ይቀልድባታል። “እኔ እንጨት አለብሳለሁ፣ አንቺ ሰው ታለብሻለሽ። ሁለታችንም ልብስ ሰፊ ነን” ይላታል። እንደዚያ ባለው ቀን ስትመለስ ግን ታወራለች። ሾርባ እያማሰለች ታወራለች፣ ልጆቹን እያጠበች ታወራለች፣ ነርሷን ትሆናለች፣ ጎረቤቷን ትሆናለች። እሱ መርፌውን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማታል። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ነው ጀርባውን የሚሰጣት።

ያን ዕለት ከመደበኛ ሥራዋ ተመልሳ፣ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ ሳይጠብቀው ተናገረች።

“ከስቱዲዮ ደውላ ነበር። አዘጋጇ።”

“ምን አለች?”

“አዲስ ድራማ መጥቷል። ረጅም ነው። ዋናዋን ሴት እኔ እንድሆን ፈልጋለች።”

“እሰይ! አላልኩሽም?”

“በየቀኑ ነው። ከስልኩ ጋር አይሄድም፤ አንዱን መተው አለብኝ። እስከ አርብ አሳውቂኝ ብላለች።”

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው። “ደመወዙስ?”

“ደመወዝ የለውም። በሠራሽው ክፍል ነው። ድራማው ካለ አለ፣ ከቆመ ቆመ።”

“ሕክምናስ?”

“የለም።”

ከጀርባው ክፍል የድንቡሼ ትንፋሽ ይሰማል፤ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ። ሁለቱም አዳመጡት።

“እና ምን ትላለህ?” አለችው። ዓይኗን ዓይኑ ላይ አሳረፈች። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አታየውም።

ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር። ምላሱ ላይ የመጣው ግን፣ “እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ” የሚል ሆነ።

ዓይኗን ነቀለች። ጫማዋን ከወለሉ አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። እሱም ስለ ሥራዋ የሆነ ነገር እንደጠየቀችው ሳይሆን፣ እጇን ዘርግታለት እንዳልጨበጣት ነው የተሰማው።

*

እትዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣች። የቢሮ ልብሷን እንደለበሰች፣ ስፖንጁን፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን፣ የሙጫውን ጣሳ በዓይኗ ስትለካ ቆየችና፣ መሐረቧን አንድ ያላለቀ ሶፋ ላይ አንጥፋ ተቀመጠች።

“ሻይ ላፍላልዎት እትዬ?” አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ እርስዎ እንዳላት ነው፤ እሷም አንቺ በለኝ ብላው አታውቅም።

“ተወው፣ ቢሮ ጥዬ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ልንገርህ። የተቆጣጣሪነት ቦታ ተከፍቷል። ለእሷ ብዬ ለፍቼበታለሁ። ከስልክ ትወርዳለች፣ ደመወዟ ያድጋል፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሌሎቹን ታያለች። እሷ ግን ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ላስብበት! የምታስበው ደግሞ ምን እንደሆነ ከሰው ነው የሰማሁት።”

እሱ የወደቀ የጨርቅ ቁራጭ ከወለሉ አነሳ።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። አንተም ዝም ብለህ ታያለህ።”

“እሷ የወደደችውን...”

“እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እዚያ መሥሪያ ቤት የተቀመጥኩት ወድጄው ይመስልሃል?” ድምጿ ድንገት ተሰበረ፤ ወዲያው አቃናችው። ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ያን ቀን ገና አየው። “አባባ ጡረታ ሲወጡ ማን ነው ቤቱን የያዘው? እሷን ማን አስተማረ? ሰው የሚወደውን ብቻ ቢሠራ ማን ልጅ ያሳድጋል? ነገ ያ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ይዘኸው ስትሮጥ በምንህ ልታሳክመው ነው? በሶፋህ?”

እሱ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ ይልጥ ጀመር።

“እኔን አትሰማኝም፤ አንተን ትሰማለች” አለች እትዬ እየተነሳች። “ንገራት።”

“እሺ። እነግራታለሁ።”

መሐረቧን አራግፋ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። እሱ ብቻውን ሲቀር ሶፋው ላይ የተቀመጠችበትን ጎድጓዳ አየው። ቀስ እያለ ሞላ።

*

አመሻሹ ላይ ወፊቱን አከራያቸው እማማ ዘንድ ላካትና እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ ጠበቃት። ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረ።

“ሳስበው ነበር። ድራማው ጥሩ ነው፣ ግን ነፋስ ነው። ተቆጣጣሪ ብትሆኚ ግን ከስልክ ትወርጃለሽ፤ ድምፅሽም ያርፋል...”

“ተቆጣጣሪ?” አቋረጠችው። “እኔ ስለ ተቆጣጣሪነት ነግሬሃለሁ?”

አንገቱን ደፋ።

“እትዬ መጥታ ነበር አይደል?”

“ስለ ልጆቹ ብላ ነው። እኔም ስለ ልጆቹ...”

“ተስማማችሁ ማለት ነው። እሷና አንተ! በስንት ዓመታችሁ ዛሬ በእኔ ላይ ተስማማችሁ!” ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወርዶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። “ሙጫ ስትልህ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። አባባ ደጅ እንዳትቆም እጅህን ይዤ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አንተ ደግሞ የእኔን እጅ ትይዛለህ ብዬ ስጠብቅ...”

“ልጁ ታሟል! ምን ይዤ ነው እጅሽን የምይዘው?”

“ድምፄን የወደድክ መስሎኝ ነበር።”

“ድምፅሽን ልጆቼ አይበሉትም!”

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሊመልሰው እጁን ዘረጋ፤ ከአፍ የወጣ ግን በእጅ አይያዝም። ሃያ ሰባት ጮሃ አልመለሰችለትም። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ከጩኸትም የከፋው ያ ነበር።

“ሁለተኛ ሃያ ሰባት ብለህ እንዳትጠራኝ” አለችው በዝግታ። “እዚያ የሚጠሩኝ ይበቃኛል።”

ከዚያ ቀን በኋላ ዝም አላለችውም። ዝም ብትለው በተሻለው። ታናግረዋለች፤ ግን በደንበኛ ድምፅ ነው። ጨው ሲያቀብላት “አመሰግናለሁ”፣ መንገድ ላይ ሲቆምባት “ይቅርታ”፣ ልጁ ሲያለቅስ “እባክህ ብታነሳው?” ትለዋለች። ትህትናዋ እንከን አይወጣለትም። ያ ሲወደው የኖረ ድምፅ፣ እንደማያውቁት ሰው እያከበረው፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ይገድለው ጀመር።

*

ሐሙስ ቀትር ላይ ዝናብ ነበር። መስኮቱን ዘግቶ ስፖንጅ ላይ ሙጫ እየቀባ ሳለ፣ ከጀርባው ክፍል ድንቡሼን የያዙት እማማ ጠሩት። አጠራራቸው መሮጥ የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር። የልጁ ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። በጃኬቱ ጠቅልሎት ወጣ። መንገድ ላይ ለእሷ ደወለላት፤ “ድንቡሼ” ብቻ ነው ያላት። ከዚያ በላይ መናገር አልሆነለትም።

እሷም ደንበኛውን በመሃል ትታ፣ ማዳመጫዋን ጠረጴዛ ላይ ጥላ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳትይዝ መጣች። ካርዷ ወደሚሠራበት ሐኪም ቤት ስትደርስ ልጁ በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ ጭስ የመሰለ መድኃኒት የሚተፋ ጭምብል አፉና አፍንጫው ላይ ተደፍቶለታል። ካርዷን ሰጠች፤ ማንም ምንም አልጠየቃት። ከዚያ አጠገቡ ተንበርክካ የልጁን እግር ያዘች። እግሩ መሞቅ እስኪጀምር አልለቀቀችውም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ደረቱን ደጋግማ ካዳመጠች በኋላ፣ “ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?” አለች።

“የለም” አለ አባት።

“ቀለም፣ ሙጫ፣ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገርስ?”

ሃያ ሰባት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ባሏን አየችው። ከጠቡ ወዲህ እንደ ሰው ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው። በዓይኗ ወቀሳ የለም፤ መልሱን ለእሱ ትታለት ነበር።

“አለ” አለ። “ሶፋ ሠሪ ነኝ። እዚያው የምንኖርበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው።”

“እንግዲያው አስም አለበት፣ ሽታው ደግሞ ያባብስበታል። ልጁ ካለበት ቤት ማራቅ ይኖርባችኋል” አለች ሐኪሟ፤ ያለ ቁጣ። መድኃኒት ጻፈችና፣ ትንፋሹ እስኪረጋ እዚያው እንዲቆዩ ነግራቸው ሄደች።

መተላለፊያው ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተኛ። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በእግራቸው ሥር መጥረጊያዋን አሳለፈች፤ እግራቸውን አነሱላት፣ መልሰው አስቀመጡ።

“እኔ ነኝ” አለ እሱ። “በገዛ እጄ።”

“አንተ አይደለህም። ሙጫው ነው።”

“ሙጫውን የቀባው ማን ሆነና?”

“ቤት እናስገባው ያልኩትስ እኔ አልነበርኩም?” የደንበኛ ድምጿ አልነበረም። የደከመ፣ ሻካራ፣ የራሷ ድምፅ ነበር። ያንን ሲሰማ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ።

“ስሚኝ” አለ። “የአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ፎርማን ስንት ጊዜ ለሥራ ጠርቶኛል። ደመወዝ አለው፣ ለቤተሰብም ሕክምና አለው። የራሴ ጌታ ነኝ እያልኩ ነው እንቢ ስል የኖርኩት። ልግባ። አንቺ ስቱዲዮ ሂጂ።”

“እንቢ።”

“ለምን?”

“ራስህን ልትቀጣ ነዋ! ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ገብተህ፣ ነገ ሲመርህ ‘ለአንቺ ብዬ ነው’ ልትለኝ። እኔ እንደዚያ ያለ ውለታ አልችልም። እዚያ ወንበር ላይ ደርቄ ብቀር ይሻለኛል።”

“ቅጣት አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

መዳፎቹን አገጣጠማቸው። ቃል እንደ እሷ አይታዘዝለትም፤ ጨርቅ ቢሆን እንዴት ባቃናው።

“ከስቱዲዮ የመጣሽ ቀን ታወሪያለሽ” አለ በመጨረሻ። “ሌላ ሴት ነው የምትሆኚው። የለም፣ ሌላ ሴት አይደለም፤ አንቺን ነው የምትሆኚው። ቤቱ ይሞላል። ነግሬሽ ግን አላውቅም። ብነግርሽ ስልኩን ትለቂዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ከለቀቅሽ ደግሞ እነ አባባ ስለ እኔ ያሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው፤ ሚስቱን ማስተዳደር ያቃተው ሶፋ ሠሪ። እና ዝም አልኩ። ማታ ማታ ድምፅሽ አልቆ ስትመጪ እያየሁ ዝም አልኩ።”

ሃያ ሰባት ልጁን አስተካክላ አቀፈችው። እንባዋ ሲወርድ ለመጥረግ ነፃ እጅ አልነበራትም።

“እኔም ልንገርህ?” አለች። “ዋናዋን ሴት መሆን መቻሌን አላውቅም። በር ከፍቶ መዝጋት ሌላ፣ አንድን ሰው ሙሉውን መሆን ሌላ። ያን ቀን ምን ትላለህ ስልህ፣ አትሂጂ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። አንተ ከከለከልከኝ እኔ አልፈራሁም ማለት ነዋ። ቢቆጨኝም አንተን እወቅስሃለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ አልከኝ፤ ጠላሁህ። ቆይተህ አትሂጂ አልከኝ፤ ባሰብኝ።”

እሱ ሳያስበው ሳቀ። እሷም ለቅሶዋን ሳትጨርስ ሳቀች። ከፊታቸው የተቀመጡ አዛውንት ደንግጠው አዩዋቸው፤ በሐኪም ቤት የሚያለቅስ ሰው የተለመደ ነው፣ እያለቀሰ የሚስቅ ግን ያስጨንቃል።

“አንድ ዓመት” አለች ሃያ ሰባት አፍንጫዋን ወደ ትከሻዋ እየጠረገች። “ስጦታ አይደለም፤ ተራ በተራ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተቀምጠን እንነጋገራለን። እስከዚያ ቢከብድህ ትነግረኛለህ። ጥርስህን ነክሰህ ጀግና አትሁንብኝ። እኔም ካቃተኝ እነግርሃለሁ።”

“እሺ።”

“እሺ አትበለኝ፤ እሺታህን አውቀዋለሁ።”

“እነግርሻለሁ። በልጆቼ።”

ተጨማሪ የሚባል ነገር ነበር፤ አቅም ግን አልነበራቸውም። ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ጃኬቱ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ያ ሽታ ከእንግዲህ ቤታቸው እንደማይገባ ሁለቱም ያውቃሉ። ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበችው፤ ልጇን እንዲህ ያደረገውን ነገር አሁንም በመውደዷ አፈረች፣ አዘነች፣ ከሁለቱም በላይ ግን ደክሟት ነበር።

*

አርብ ጠዋት ለአዘጋጇ ደውላ እሺ አለች። ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ስታስገባ እትዬ ከቢሮዋ አልወጣችም። ለብዙ ቀን ኩርፊያ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ደወለች፤ “ሕፃኑ እንዴት ነው?” አለች፣ ደህና ነው ስትባል፣ “እንግዲህ ጉሮሮሽን ብርድ እንዳይመታው” ብላ ዘጋችው። ከእትዬ ከዚያ በላይ የሚጠበቅ አልነበረም።

የፊት ለፊቱ ክፍል ባዶ ሆነ። ስፖንጁ ተሸጠ፣ ወለሉ ታጠበ። ድንቡሼ አልፎ አልፎ አሁንም ደረቱ ያፏጫል፤ ትንፋሹ ግን እንደ ድሮው ሰው አይቀሰቅስም።

በፋብሪካው አባወራው የተሰጠው የሶፋ ግራ ክንድ ነው። የቀኙን የሚያለብሰው ሌላ ሰው ነው፤ መደገፊያውን ሌላ ሰው። ጠዋት ግራ ክንድ፣ ከምሳ በኋላ ግራ ክንድ። ያለቀ ሶፋ የሚያየው ሲወጣ፣ መኪና ላይ ሲጫን ነው። “ይሄ የእኔ ነው” የሚለው አጥቶ በአጠገቡ ያልፋል።

ለእሷም አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። መጀመሪያ ሰሞን አዘጋጇ ከመስታወቱ ማዶ ሆና በየመሃሉ ታስቆማታለች። “አሁንም ደንበኛ እያስተናገድሽ ነው! ሰውየው ልጅሽን ነጥቆሽ ሊሄድ ነው፣ አንቺ ታመሰግኚዋለሽ እንዴ?” ትላታለች። ሃያ ሰባት መቆጣት ጠፍቶባት ነበር። ሲሰድቧት ስታመሰግን የኖረ ጉሮሮ፣ ጩኺ ሲሉት ይቅርታ ይላል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን እንደምንም ጮኸች። ከጮኸች በኋላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አዘጋጇም ምንም ሳትላት ውኃ አመጣችላት።

አንድ ምሽት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከስቱዲዮ ስትመለስ ባሏ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ውስጥ ወፊቱ ስትለፈልፍ፣ እማማ ሲመልሱላት ይሰማል። እሱ አልገባም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል፤ ጣቶቹ አባብጠዋል። የፊቱን ዝምታ ስታይ ክው አለች። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ተሸክማው የገባችው የራሷ ፊት ነው።

“ከበደህ?” አለችው።

ትከሻውን ሊነቀንቅ ጀመረና ተወው።

“ከበደኝ” አለ። “በጣም ከበደኝ። እጄ ያውቅ የነበረውን ሊረሳ ነው መሰለኝ።”

አጠገቡ ተቀመጠች። አይዞህ አላለችውም። ያበጡትን ጣቶች ወስዳ ጭኗ ላይ አኖረችና ቀስ እያለች ታሽለት ጀመር።

“እኔም ልንገርህ” አለች። “ድራማው ሊቆም ይችላል የሚል ወሬ አለ። ገና ወሬ ነው። አዘጋጇም አታውቅም።”

“ፈራሽ?”

“ፈራሁ።”

“እኔም።”

መንገዱ ላይ ሰዎች ከሥራ ይመለሳሉ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዳንዱ ዳቦ በብብቱ ይዞ። ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ በላይ ጥቂት ቀርቷታል። እሱ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

“አውሪኝ” አላት።

“ምን ላውራህ?”

“የመጣልሽን።”

እሷም ጀመረች። ዛሬ ያቺ ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማ እንዴት እንደተበሳጨች፣ ሰውየው እንዴት እንደዋሻት፣ ድምፁን የሚሠራው ተዋናይ በመሃል አስነጥሶት ሁሉም እንደገና እንደተቀዳ አወራችው። ሴትየዋን ሆነች፣ ሰውየውን ሆነች፣ ያስነጠሰውንም ሆነች። እሱ ግማሹን ሰማ፤ ከግማሹ በኋላ ራሱ ወደ እሷ ዘነበለ፣ ትንፋሹም ረጋ። መተኛቱን አወቀች። ገና ያልነገረችው ብዙ ነበርና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ ጣቶቹ በጣቶቿ መሃል እየሞቁ፣ ደክሟት፣ ፈርታ፣ ልቧ ሞልቶ።